ለጨዋታ መጽሐፍ የተቀመጠ አውጫጭኝ

ያን ሰሞን እኔ በጣም ብልህ ሰው ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያ ብልህነቴ ስንት ሰው ከሥራው እንዳስቀረ ስትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

አምበር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። የኮምፒውተር መምህር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከአሥራ ሁለት ኮምፒውተር አራቱ ብቻ የሚሠሩበት፣ መብራትም ደስ ሲለው ብቅ የሚልበት ክፍል ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። ቁልፉን ግን በጣቴ እያሽከረከርኩ ነበር የምሄደው። ቴሌግራም ገና ወደ ከተማዋ የገባበት ጊዜ ስለነበር ስልኩ እምቢ ያለው ነጋዴም፣ ፎቶ መላክ ያቃተው ቄስም "ቲቸር ደሳለኝን ጥሩልኝ" ይላል። እሄዳለሁ፣ ሁለት ቦታ እነካለሁ፣ ይስተካከላል። ሰውየው ይመርቀኛል፤ እኔ በልቤ እንቀዋለሁ።

"እውቀት ለሁሉ" የሚባል የቴሌግራም ቻናልም ነበረኝ። የፈተና ጥያቄ፣ አጋዥ መጽሐፍ፣ የሰው ልብ ወለድ፣ የተገኘውን ሁሉ እለጥፍበት ነበር። አንዱንም አልጻፍኩትም፤ አንዱንም አልገዛሁትም። የእኔ ድካም በየገጹ መሀል የቻናሌን ስም በቀይ ማኖር ነበር። ባለቤቱን ማንም አያውቅም፤ ሰው ሻይ ቤት አጠገቤ ሆኖ "ማንም ይሁን፣ እግዜር ይስጠው" ይላል። እኔም በልቤ "ኧረ ምን አደረግሁ?" እላለሁ። እውነትም ምንም አላደረግሁም ነበር፤ ትሕትና መስሎኝ በልቤ ያልኩት ሐቅ ነበር።

ከለጠፍኳቸው መጻሕፍት አንዷ ናት ጉድ ያፈላችው። የደብረ ማርቆሱ አቶ ምናለ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ገበጣም ዳማም ያልሆነ፣ ከራሳቸው ጭንቅላት የወጣ "ሰባት በር" የሚባል ጨዋታ ፈጥረው ነበር። የጨዋታው ሰሌዳ መሬት ላይ በከሰል ይሣላል፤ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ሰሌዳውን ማንም በአምስት ደቂቃ ይሥለዋል፣ ቆርኪውንም ከቡና ቤት ደጅ ይለቅማል። ስለዚህ ሰውየው ሊያሳትሙና ሊሸጡ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጨዋታውን ሕግ። ሰማያዊ ሽፋን ያላት፣ አርባ ገጽ የሆነች መመሪያ አሳተሙ። ሉማሜ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው መንገደኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ደምበጫ ገበያ የወጣው ገበሬ ፈረሱን አስሮ ሰባት በር ይጫወት ጀመር። ጭቅጭቅ ሲነሣ "መጽሐፉን አምጡ!" ይባላል፤ መጽሐፉ ይገለጣል፤ የተሸነፈው ሰው እየተነጫነጨ ይነሣል።

መጽሐፏን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኳት። በዚያው ሳምንት የኮምፒውተር ክፍሉ የብረት በር ግራ አውራ ጣቴን ጨፍልቆት ጥፍሬ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያየኝ እንደሆነ "ጣትህን እግዚአብሔር ይማርህ" ይለኛል። መምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ በግራ እጄ መጽሐፏን ገልጬ ይዤ፣ በቀኜ በስልኬ እያነሣሁ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ባነሰ ጨረስኳት። የሰውየው ስም ያለበትን ሽፋን ጣልኩት። በእሱ ቦታ "እውቀት ለሁሉ" የሚል ገጽ አበጀሁ፤ ከሥሩም "አዘጋጅ፦ ቲቸር ደሳለኝ" ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንን እንኳ ያስተወኝ ፍርሃት እንጂ ይሉኝታ አልነበረም። ቻናሉን ማን እንደሚያስተዳድረው በይፋ አልጻፍኩም።

በወር ውስጥ መጽሐፏ የሌለበት ስልክ ጠፋ። አቶ ምናለም የሚሸጡት ነገር አለቀባቸው። ፖሊስ ጋ ሄዱ፣ ጠበቃ ጋ ሄዱ። ሁሉም ያሏቸው አንድ ነበር፦ ሕጉ አለ፣ መብትዎ የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ክስ በስም ነው፣ የተከሳሹን ስም ያምጡ። ሰውየው ቤታቸው ገብተው የተለጠፈውን ገጽ በገጽ አዩት። ገጽ አሥራ ሰባት ግርጌ ላይ ትንሽ ክብ ማኅተም አለች፤ መጽሐፉ ወደየከተማው ሲላክ የከተማውን ስም የሚያትሙባት። ማኅተሟ "አምበር" ትላለች። እኔ አላየኋትም። የሰው መጽሐፍ የሚሰርቅ ሰው መጽሐፉን አያነበውምና።

በኅዳር አንድ ቀን አቶ ምናለ ጠበቃቸው ያዘጋጀውን የክስ ማመልከቻ በፕላስቲክ ፋይል ይዘው አምበር ወረዱ። ማመልከቻው ሙሉ ነው፤ የጎደለው ተከሳሽ የሚለው ቃል ፊት ያለው ባዶ መስመር ብቻ ነው። ፋይሉን ለአገር ሽማግሌዎች አሳይተው "ሌባዬ የእናንተ ሰው ነው" አሏቸው። ሽማግሌዎቹን የመራቸው ንዴት ይመስለኛል። የከተማዋ ስም በሌባ ሊነሣ ነው። ስለዚህ እንደ ቀድሞው ጊዜ፣ እህል እንደተዘረፈ ወይም በሬ እንደጠፋ ሁሉ፣ አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ለማታውቁት እንዲህ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው ያየውን፣ የሰማውን እንደማይደብቅ ወንጌል መትቶ ይምላል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ "ወፍ ተናገረች" ነው የሚባለው። ወፏ እስክትናገር ድረስ ማንም ሰው ወደ ሥራው አይሄድም፤ የቀረም ይቀጣል። ከእኛ ቀበሌ ጨዋታውን የሚጫወቱትን፣ መጽሐፉን የገዙትንና ኮምፒውተርና ስልክ የሚነካኩትን መርጠው ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጠሩ።

መጥሪያው ሲደርሰኝ ሳቅሁ። "በቴሌግራም የተለጠፈን ነገር በወፍ ሊያገኙት!" ብዬ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሳቅሁባቸው። ቄስ አላምረው የሽማግሌዎቹ አለቃ መሆናቸውን ስሰማ ደግሞ ሳቄ ባሰ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስልካቸውን ድምፁን ማጥፋት ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለው ሣር ላይ ተቀመጥን። የጤፍ አጨዳ ሰሞን ነው። ከቀኜ አያ ውብሸት የሚባሉ ገበሬ ተቀመጡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት በር ሲጫወቱ የሚያሸንፋቸው ሰው የለም። ጤፋቸውን አጭደው ሜዳ ላይ እንደተዉት ነው የመጡት። ከግራዬ ስንዱ ተቀመጠች። ስንዱ የአምበር ብቸኛዋ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ናት። ቤቷ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒና ስካን ማድረጊያ ማሽንና አንድ ወንበር ነው፤ ከዚያች ወንበር ላይ ሆና ሁለት እህቶቿን ታስተምራለች።

አቶ ምናለ ቆሙ። አጭር ናቸው፤ ኮታቸው ሰፊ ነው። እንዲህ አሉ፦

"እኔ ሰው አልጠላም። ይህን ሕግ ለመጻፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ሕግ እጽፋለሁ፤ ሰው ሳጫውትበት በሱ ይጣላል፤ ቀድጄ ሌላ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ቀን ባለቤቴ 'ትተኸው ተኛ' ብላኛለች። የሰረቀኝ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ወሰደው።"

"በአንድ ጣት" ሲሉ ስልክ መንካቱን ማለታቸው ነበር። እኔም ውስጤ ሳቀ፤ ሽማግሌ ሰው ስለ ቴክኖሎጂ ሲያወራ ደስ ይለኝ ነበርና። ከዚያ ከፋይላቸው ውስጥ ከቴሌግራም አውጥተው ያሳተሟቸውን ገጾች አወጡና "እዩት፣ ምናልባት የምታውቁት ነገር ይኖርበት እንደሁ" ብለው ለመጀመሪያው ሰው ሰጡት። ወረቀቶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ መጡ። አያ ውብሸት እያንዳንዱን ገጽ ራቅ አድርገው እያዩ ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ ለስንዱ አሳልፋለሁ። ገጽ አሥር። ገጽ ሃያ። አንዳንዱን እያየሁ "ይሄ እንኳ ደብዘዝ ብሏል" እያልኩ የሙያ አስተያየት ሁሉ ሰጠሁ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ደረሰኝ። ግራ ጠርዙ ላይ፣ ወረቀቱን ወጥሮ የያዘ አውራ ጣት አለ። ጥፍሩ ጥቁር ነው።

ገጹን የያዝኩት በዚያው ጣት ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ጣትና ፎቶውን የያዘው ጣት ጎን ለጎን ናቸው፤ ለመመሳሰላቸው ምስክር አያሻም። ቀስ ብዬ ወረቀቱን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩ፣ ለስንዱ ሰጠሁና ግራ እጄን ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ስንዱ ገጹን ሳታየው አሳለፈችው። ማንም ምንም አላለም። ወረቀቶቹ ዞረው አቶ ምናለ ጋ ተመለሱ። እኔም ተነፈስኩ፤ "የማያይ ሕዝብ!" አልኩ በልቤ።

መሐላው መጣ። ተራዬ ሲደርስ ቀኝ እጄን ወንጌሉ ላይ አኖርኩ። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

"መምህር፣" አሉኝ ቄስ አላምረው ቀስ ብለው፣ "ጣትህስ ተሻለህ?"

"ደህና ነው አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ይመስገን። በል ልጄ፣ አስበህ ማል።"

አላሰብኩም። ያየሁትን፣ የማውቀውን አልደብቅም ብዬ ማልኩ። ስለ ጨዋታ መጽሐፍ የተማለ መሐላ እንደ መሐላ አልቆጠርኩትም። አዳራሹ ውስጥ ወደ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ስቀርብም "ምንም አላውቅም" አልኩና ኮራ ብዬ ተመለስኩ።

ረፋዱ ላይ ሁሉም ሰው ተናግሮ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ትንሽ ተመካከሩና ተመለሱ። ቄስ አላምረው ቆመው "ቃል ያለው ሰው አለ?" አሉ። ዝም። እንደገና "ቃል ያለው ሰው አለ?" አሉ። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁም ዝም ተባሉ። "እንግዲያስ እንጠብቃለን" አሉና ተቀመጡ። ተቀመጥን። ሰዓቱ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ተነሥተው ያንኑ ጠየቁ፤ ተቀመጡ። በዘጠኝ ሰዓት ያንኑ ጠየቁ፤ ተቀመጡ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ሣር ይነጫል። እኔ በዚህ ጊዜ በሙሉ ልቤ እየናቅኋቸው ነበር። ምንም እንዳላገኙ፣ አላገኘንም ማለት አፍረው ሕዝቡን እንደሚያጉላሉ ለራሴ አስረዳሁ።

አመሻሽ ላይ አቶ ምናለ ትዕግሥታቸው አለቀ። "ነገም እንዲሁ ከሆነ እኔ አልችልም" አሉ። "ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ይህ ነገር በምን ይሠራል? የት ቤት ይሠራል?"

ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። የኮምፒውተር መምህሩ እኔ ነኛ። አሁን የምነግራችሁን ነገር ለብዙ ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እንዲህ አልኩ፦

"እንደ ባለሙያ ለመናገር፣ ይህን ያህል ገጽ በዚህ ጥራት ለማዘጋጀት ስካነርና ኮምፒውተር ያስፈልጋል። በአምበር ሁለቱም ያሉት አንድ ቤት ብቻ ነው።"

ውሸት ነበር። በስልክ ለመነሣቱ ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል። የስንዱን ስም አልጠራሁም፤ እንደ ጨዋ ሰው። ግን ከአጠገቤ ስትንቀሳቀስ ሰማሁ። ሠላሳው ሰው አንገቱን ደፋ። ለእሷ ያፈሩላት መስሎኝ እኔም አብሬ አንገቴን ደፋሁ።

አቶ ምናለ ፋይላቸውን ከፈቱ፣ ከኪሳቸው እርሳስ አወጡና ባዶው መስመር ላይ የስንዱን ስም ጻፉ። "ነገ እስከ አመሻሽ ድረስ ወፏ ካልተናገረች፣ ይህንን ይዤ ነው ደብረ ማርቆስ የምገባው" አሉ። ክሱ ከተከፈተ ቤቷ እስኪጣራ ይታሸጋል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሁሉም ያውቃል። ስንዱ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

ቤቴ ገብቼ ገጽ ሠላሳ አንድን ከቻናሉ ላይ አጠፋሁ። በአገሩ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ ማለቴ ነው። ከዚያ እራቴን በላሁ። ስለ ስንዱ አላሰብኩም ብል ይቀለኝ ነበር፤ አስቤያለሁ። "ምንም ማስረጃ ስለሌላቸው ትፈታለች" ብዬ አስቤ ተኛሁ።

በማግስቱ ስንመለስ ሰማዩ ተለውጧል። በኅዳር የማይጠበቅ ደመና በስተምሥራቅ ጠቁሮ ቆሟል። የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ ተኝቶ ዝናብ ቢመታው ምን እንደሚሆን የገበሬ አገር ሰው አይነገረውም። ሠላሳው ሰው ግማሽ ዓይኑ ደመናው ላይ፣ ግማሽ ዓይኑ መሬት ላይ ሆኖ ተቀመጠ። ቄስ አላምረው "ቃል ያለው ሰው አለ?" አሉ። ዝም። "እንጠብቃለን።" አያ ውብሸት ደመናውን አዩ፤ እጃቸውን አዩ፤ ዝም አሉ። ስንዱም ትናንት የተቀመጠችበት ቦታ፣ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቶ ነበር።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንዲህ ቆየን። ነፋሱ መጣ፤ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ሰለቸኝ፤ ሲሰለቸኝ ደግሞ ቀልድ እወዳለሁ። ወደ አያ ውብሸት ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ እንዲህ አልኳቸው፦

"አያ ውብሸት፣ ወፏ ጠፋችባቸው እንዴ? ወይስ ደመናውን ፈርታ ነው?"

አያ ውብሸት አላዩኝም። ዓይናቸውን ከደመናው ሳይነቅሉ መለሱልኝ።

"ወፏማ ትናንት ረፋድ ላይ ተናግራለች።"

"ተናግራለች?"

"አንድም አልነበረች፤ መንጋ ነች። ያንን ጣት ያላየ ማን አለ?"

"ታዲያ... ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምን እየጠበቃችሁ ነው?"

ያኔ ዘወር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። የደከመው ሰው ፊት ነበር።

"አንተን ነዋ፣ መምህር።"

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። "ስምህን ሽማግሌው ከጠራው ሌባ ትባላለህ፤ ልጆቻችንን ማስተማርህ አበቃ። ራስህ ከተነሣህ ግን ያጠፋ ሰው ነህ። ያጠፋ ሰው ሁላችንም ነን። ቄሱ 'መምህራችን ነው፣ ይነሣል' አሉ። እኛም እሺ አልን። ጀንበሯ ያቺ ባሕር ዛፍ ላይ ስትደርስ ይጠሩሃል፤ ልጂቱን አሳልፈው አይሰጡም።"

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁት። እንዳላይ ያደረገኝ የደፋሁት አንገቴ ነው እንጂ ሰዉ ትናንትም እንዲሁ ነበር። ማንም ወደ እኔ አይመለከትም። ሠላሳ ሰው፣ ጤፉን ለዝናብ ጥሎ፣ እኔ እንዳላፍር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሁለት ቀን ተቀምጧል። እኔ በመሀሉ ሆኜ ስንቀው ነበር። ትናንት ተነሥቼ "እንደ ባለሙያ" ስናገርም የደፋው አንገት ለስንዱ አልነበረም። ያፈረው በእኔ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ጀንበሯ ከባሕር ዛፉ ገና ነበረች። ተነሣሁ። ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ዱላም ጠብቄ ነበር። ቄስ አላምረው ግን "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብቻ አሉ፤ ወዲያው ሰዉ ብድግ አለ። የቀሚሱንና የሱሪውን ሣር እያራገፈ ወደ ማሳው ሮጠ። አያ ውብሸት በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አየሁ። አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ሊሰድበኝ ጊዜ አላገኘም። ደመናው ካፊያ ብቻ ጥሎ ማለፉን በኋላ ሰምቻለሁ፤ ጤፉ ተርፏል፤ ለእኔ ሲል ግን አልነበረም።

ሜዳው ላይ የቀረነው ስንዱ፣ እኔና አቶ ምናለ ነበርን። አቶ ምናለ ፊቴ መጥተው ቆሙ።

"ለምን?" አሉኝ።

"ለሁሉም ሰው እንዲደርስ ብዬ ነው፣ ጋሼ።" ያችን መልስ ለብዙ ጊዜ አዘጋጅቻት ነበር።

"ለሁሉም ሰው እንዲደርስ የእኔን ስም ቆርጦ መጣል ምን አመጣው? የአንተን ቻናል ስም በየገጹ መጻፍስ?"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። እሳቸውም ፋይላቸውን ከፍተው በላጲስ የስንዱን ስም ጠፋ ጠፋ አደረጉና ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ። "ሽማግሌዎቹ ይቅር ይበሉህ፣ ደግ አድርገዋል። እኔ ግን እከስሃለሁ። የጨዋታ መጽሐፍም መጽሐፍ መሆኑን ፍርድ ቤት ይንገርልኝ" አሉ። ባዶው መስመር ላይ ስሜን ከነአባቴ በገዛ እጄ ጻፍኩ። የእርሳሱ ጭረት በደንብ አልጠፋም ነበርና የስንዱ ስም ከስሜ ሥር ይታይ ነበር።

ተከሰስኩ። አመንኩ። ካሣ ተወሰነብኝ፤ ቻናሉን እንድዘጋ፣ ከመዝጋቴ በፊትም ይቅርታ ጽፌ እዚያው እንድለጥፍ፣ የታተመውንም በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድሰቅል ታዘዝኩ። ትምህርት ቤቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሥራዬ አቆየኝ፤ አምበር ለአራት ዓመት አስተማርኩ። አንድም ሰው ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም። ሰው ስልኩ ሲበላሽም መጥራቱን አልተወም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የማንንም ስልክ ስነካ በልቤ የምለው ነገር ጠፋኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባትም ከአንዱ ቻናል ላይ ገልብጣችሁ የምታነቡ፣ በእኔ ላይ ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ፤ ይገባኛል። ግን ስትጨርሱ ስልካችሁን ክፈቱና እዚያ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ደራሲ ስም ፈልጉ። ከብዙዎቹ ላይ አታገኙትም፤ አንዱ ብልህ ሰው ቆርጦ ጥሎታል። "እውቀት ነፃ ነው" የሚለውን ንግግር እኔም በደንብ እችለው ነበር። አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት የደከመበትን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ ምርቃቱን ለራሱ የሚሰበስብ ሁሉ ይህን ንግግር አሳምሮ ይችለዋል። እኔን ከሌብነቱ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ንቀቱ ነው። የናቅኋቸው ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ሲሸከሙኝ አላወቅሁም።

የይቅርታ ደብዳቤውን ለማሳተም ከስንዱ ቤት ሌላ የት እሄዳለሁ? ሦስት ቀን ካመነታሁ በኋላ ሄድኩ። በእጄ የጻፍኩትን ሰጠኋት። ተቀብላ መተየብ ጀመረች። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስንዱ" አልኳት።

"እኔኮ ከሁሉም በፊት ነው ያወቅሁት፣ ቲቸር" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። "ገጾቹን ለጋሽ ምናለ ያተምኩላቸው እኔ ነኝ። ከአውጫጭኙ አንድ ቀን በፊት። ገጽ ሠላሳ አንድ ስትወጣ ጣትህን አየሁት። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ነበር።"

"ለምን አልነገርሻቸውም ታዲያ?"

"ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ።"

መተየቧን ቀጠለች። "እኔ መምህር ደሳለኝ፣ የአቶ ምናለን መጽሐፍ ባለማወቅ..." የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። ወደ እኔ አልዞረችም፤ አልተቆጣችም። እጆቿን ከፊደሎቹ በላይ አንሥታ ይዛ ዝም ብላ ጠበቀች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀን ተቀምጬበታለሁ።

"አጥፊው" አልኳት። "እያወቅሁ በይው።"

አጠፋችውና "እያወቅሁ" ብላ ጻፈች።